ልጅ ከየት ይመጣል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በእኛ አገር በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ሕፃን ሲወለድ የማይሰማ ጎረቤት አልነበረም። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶቿ ከብበው «ማርያም፥ ማርያም» ይላሉ፤ ከዚያም እልልታው ይቀልጣል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። እኛ ልጆች ከገንፎው እንካፈል ነበር። «ሕፃኑ ከየት መጣ?» ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ ግን መልሱ «ማርያም ሰጠችን» ነው፤ ደግሞ የጠየቀ «ባለጌ» ተብሎ ይቆነጠጣል። ይኸው የተቆነጠጠ ልጅ በማግሥቱ ከብት ሲጠብቅ ኮርማው ላሚቱን ሲሰርር ያያል፤ ጥጃም ሲወለድ ቆሞ ይመለከታል። ስለዚህ የከብቱን ነገር እያወቀ የራሱን ሳያውቅ ያድግ ነበር።

ሴቲቱ ልጅ ግን ነገሩን የምታውቀው ብዙ ጊዜ ከተዳረች በኋላ ነው። በአንዳንድ ቦታ ትንሽ ልጅ ተድራ በአማቶቿ ቤት ታድጋለች፤ ባልየውም እስክትደርስ ድረስ እንዳይነካት ቃል ይገባ ነበር። ቃሉን የጠበቀ አለ፤ ያልጠበቀም አለ። እርሷ ግን ምን እንዳይደረግባት ቃል እንደ ተገባ እንኳ የነገራት አልነበረም።

ዝምታው በቤት ብቻ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት ይህ ክልከላ ገና አልተነሣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፥ ለወንድ 18 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ።

ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንደ ተዳሩ አሳየ። እነዚህ ሁሉ የተዳሩት የ1952ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ በአዲስ አበባ ታትሟል፤ ልጅቱ ግን ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ እንዴት «አይሆንም» ትበል? ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ምጥ ሲጠናባትና ሐኪም ሲርቅ ምን እንደሚከተል፥ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከመጡ ጀምሮ ሲያክሙት የኖሩት ነው፤ ፊስቱላ ይባላል፤ ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ለእኛ አገር የሚቀርበው የፊስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር የተከፈተው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ሌላውን ብቻ አልወቅስም። እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ስለ ንጽሕና ብዙ ተምሬአለሁ፥ ስለ ገላዬ ግን ማንም አልነገረኝም። ኋላ የሳይንስ መምህር ሆንሁ። የአበባን ዘር አፈጣጠር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተማርሁ፤ ወደ ሰው አካል የደረስን ዕለት ግን «ይህን በቤታችሁ አንብቡት» ብዬ አለፍሁ። መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ ነበር፤ ማታ ማታም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ ነበር። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አንሥታ ሳለ እንዳላየሁ ሆንሁ። በጥር፥ በሠርጉ ወራት፥ ከክፍል ቀረች። ምን ልትጠይቀኝ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ገንፎ ስንበላ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከአባትና ከእናት ዘር እንደ ተጀመረ፥ ማሕፀን በሚባል ስፍራ ዘጠኝ ወር እንዳደገ፥ በየት እንደ ወጣም ነገርኋት። እንደ ፈራሁት አልሳቀችም፤ አሰበች።

«ታዲያ ማርያም ምን አደረገች?» አለችኝ።

«እናቱን ማረቻት» አልኋት።