ከታካሚ አልጋ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል፦ ከወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ የተማርነው



ባለፈው ዓመት የጤና ኮሚቴ ምርጫ ባደረግንበት ዕለት የሆነውን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። አንዲት እናት ተጠቆሙ። ነፍሰ ጡር አባሎቻችንን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁ፣ የማን ወር እንደገባ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ መኪና ፈልገው ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ እናት ናቸው። ጭብጨባው ሳያልቅ ከመካከላችን አንዷ የመተዳደሪያ ደንቡን አነበበች። የኮሚቴ አባል የምትሆን ሴት 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች መሆን አለባት ይላል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ማናችንም አልተናገርንም። ዛሬ የኮሚቴው መዝገብ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተይዟል፤ ቤት ለቤት የሚዞር ግን የለም።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ አንቀጽ ለውይይት ይቀርባል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከአገራችን የሕክምና ታሪክ አንዱን ገጽ አብረን ብናነብ ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽፈናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ውስጥ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ልዕልት ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1942 ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት በወጣትነታቸው አረፉ። የንጉሥ ልጅና የሠለጠነች ነርስ መሆን እንኳ ከወሊድ አደጋ አላዳነም። በስማቸው በተሠራው ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ሲፈለግ፣ አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ማስታወቂያውን አይተው በ1959 አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር፤ ሥራው ግን የዕድሜ ልክ ሆነ።

ያስቀራቸው ፌስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መካከል ሲቀረቀር፣ በመካከል የተጨመቀው የእናቲቱ ሥጋ ደም ያጣና ይሞታል። ከዚያ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም ከሰገራ መውጫው በኩል ቀዳዳ ይፈጠራል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ከሽታው የተነሣ ከባሏም ከጎረቤትም ትርቃለች። በጊዜው የደረሰ ቀዶ ሕክምና ቢኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። የበሽታው ሥር ርቀትና ድህነት እንጂ የሴቲቱ ጥፋት አይደለም።

በ1962 ወደዚያ ሆስፒታል ከመጡት አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ዕድሜዋ 16 ዓመት ገደማ ነው። ከገጠር የመጣች፣ በልጅነቷ የተዳረች፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇን በረጅም ምጥ አጥታለች፤ ሰውነቷም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሐኪሞቹ ደጋግመው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ጉዳቷ ከባድ ስለነበር ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። እንግዲህ ምን ትሁን? ወደ መንደሯ ብትመለስ የሚጠብቃት ያው ጓዳ ነው። እዚያው እንድትቆይ ተደረገ፤ አልጋ ማንጠፍም ጀመረች።

ከዚህ በኋላ የሆነው በአንድ ቀን የመጣ ለውጥ አይደለም። ልጅቷ ፈጣንና ጠንቃቃ መሆኗን ያዩት ዶክተር ሬጂናልድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። መጀመሪያ መሣሪያ ታቀብል ነበር። ቀጥሎ የስፌት ክር መቁረጥ ተፈቀደላት። ዓመታት ሲያልፉ ከሥራው ጥቂት በጥቂት ይሰጣት ጀመር፤ በመጨረሻም ሙሉውን ቀዶ ሕክምና ራሷ የምትሠራ ሆነች። የሕክምና መጽሐፍ አላነበበችም፤ ዓይኗና እጇ ግን ከብዙ መጽሐፍ አንባቢ የላቀ ተምሯል።

እስካሁን «እሷ» እያልን የመጣነው ልጅ ስለነበረች ነው። ከዚህ ወዲያ ግን አንቱ ልንላቸው ይገባናል።

ሐምሊኖች በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ወይዘሮ ማሚቱም ከዚያ ሥራ ምሰሶዎች አንዷ ሆኑ። የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ለመማር ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ከእሳቸው ጎን ቆመው ተምረዋል። በ1989 በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ከሁለቱ ሐምሊኖች ጋር ለእሳቸውም ተሰጠ። በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በየዓመቱ ከሚመርጣቸው 100 ሴቶች መካከል ስማቸው ተጠቀሰ። ሆስፒታሉም ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታክመዋል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ «ልዩ ሰው ናቸው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ልዩ መሆናቸው እውነት ነው። እኛ ግን ሁለተኛ ስናስበው ያቆመን ሌላ ነገር ነው። በጤና ሥራ አዲስ ነገር ሲባል ወዲያው የሚታየን ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ነው። በዚያ ሆስፒታል ከተገኙት አዳዲስ ነገሮች ትልቁ ግን ለታካሚዋ ሥራ መስጠት ነበር። ከወይዘሮ ማሚቱ በኋላም ብዙ የቀድሞ ታካሚዎች ሠልጥነው የነርስ ረዳት ሆነዋል። አዲስ ታካሚ አንገቷን ደፍታ ስትገባ የምትቀበላት ሴት ያንኑ መንገድ የሄደች ናት። «አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የሚለውን ቃል ከእሷ በቀር በእውነት ሊናገረው የሚችል የለም።

ሁለተኛው ትምህርት መሪ እንዴት እንደሚያድግ ነው። ወይዘሮ ማሚቱን ማንም በአንድ ጊዜ ወንበር ላይ አላስቀመጣቸውም። በየደረጃው ግን አንድ ሰው ከትናንቱ ትንሽ የሚበልጥ ኃላፊነት ሰጥቷቸዋል፤ አጠገባቸው ቆሞም እጃቸውን ተመልክቷል። እሳቸውም የተሰጣቸውን ሳይንቁ ሠርተዋል። አልጋውን በደንብ ያነጠፈች እጅ ናት መቀሱን የያዘችው። ከእኛ መካከል ዛሬ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና የቁጠባ ተቆጣጣሪ የሆንነው ራሳችን መጀመሪያ ወንበር ደርዳሪና ቡና አፍዪ ነበርን። አሳድጎ እዚህ ያደረሰን እንዲሁ ያለ እምነት ነው። ይህን ረስተን ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። ይህ ታሪክ ፊደል አያስፈልግም የሚል አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ራሳቸው የታወቁ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከሆኑ በኋላ፣ በጎልማሳነታቸው ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ሐኪሞችን ሲያስተምሩ የዋሉ ሴት ማታ ከጀማሪዎች ጋር ደብተር ይዘው ተቀመጡ። ዕውቀታቸው አላኮራቸውም፤ አለመማራቸውም አላሳፈራቸውም። ዶክተር ካትሪንም መጠገን ብቻውን እንደማይበቃ አይተው በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አቋቁመዋል፤ የኮሌጁ ምሩቃንም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሄዳሉ። በ1959 የተጀመረው ሐሳብ ከ48 ዓመት በኋላ እንደገና ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ደንባችን በክፋት የወጣ አይደለም። ሪፖርት መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝና ከጤና ጣቢያ ጋር መጻጻፍ የሚችል ሰው ስላስፈለገን ነበር። ጥፋታችን መጻፍ የሚችለውን ሰው ስንፈልግ፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን የምታውቀውን ሴት ከበሩ መመለሳችን ነው። እማማ የማን ወር እንደገባ አሁንም ያውቃሉ። የምንጠይቃቸው ግን አልነበርንም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የጤና ኮሚቴው አባላት ግማሾቹ በትምህርት ደረጃ ሳይሆን በሠሩት ሥራ እንዲመረጡ፤ መጻፍ የምትችልና ቤት ለቤት የምትዞር ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት በማኅበሩ አዳራሽ የንባብና የጽሕፈት ትምህርት እንዲጀመር፤ መጻፍ የምንችል አባላት በተራ እናስተምራለን። ሦስተኛ፣ ከጉባኤው በፊት ጥቂቶቻችን እማማ ቤት ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቅ። ይህ ሦስተኛው ድምፅ አያስፈልገውም፤ በዚሁ ሳምንት ልንሄድ ተቀጣጥረናል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ እናንተንም የምንለምነው አለ። በየዓመቱ በምትልኩልን ቅጽ ላይ የኮሚቴ አባላት የትምህርት ደረጃ የሚሞላበት ሣጥን አለ። ከጎኑ «ምን ሠርታለች?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። ያን መስመር የምንሞላበት ብዙ ነገር አለን።