ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር

ባለሙያ ሰው ሲሞት ቤቱን ልጆቹ ይወርሳሉ፤ ርስቱም በሕግ ይተላለፋል። ዕውቀቱ ግን ወራሽ ካላዘጋጀለት አብሮት ወደ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ጥበብን የሚያከብሩ ሕዝቦች ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበትን ሥርዐት አበጅተዋል። ዛሬ ይህን ሥርዐት አስቀድመን በጃፓን፣ ቀጥለንም በገዛ አገራችን እንመለከታለን።

ጃፓን ለኢትዮጵያ ምሁራን እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸውልናል። በዚያች አገር የሰይፍና የትግል ጥበብ በልዩ ልዩ ቤት ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ እያንዳንዱም ቤት የራሱ የመምህራን ሐረግ ነበረው። ደቀ መዝሙሩ ብዙ ዘመን ሲማርና ሲያገለግል ከቈየ በኋላ መምህሩ የቤቱን ምሥጢር የያዘ ጥቅልል ጽሕፈትና የማስተማር ፈቃድ ይሰጠው ነበር።

ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1868 ወዲህ መንግሥቱ አስተዳደሩን ሲያድስ የቀድሞው የወታደሮች ማዕርግ ቀረ፤ በ1876ም ሰይፍ መታጠቅ ተከለከለ። የጥበቡ መምህራን ተማሪ አጡ። ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የተባሉት የትግል መምህር ይተዳደሩ የነበረው በወጌሻነት ነው። ወደ እርሳቸው ይመላለስ ከነበሩት ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ካኖ ጂጎሮ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፉኩዳ በ1879 ሲሞቱ ጥቅልሎቻቸው ለካኖ ተሰጡ። ሁለተኛው መምህሩ ኢሶም በ1881 ሞቱ። ካኖ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ኢኩቦ ከተባሉት ከሌላ ቤት መምህር ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1882ም በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከመምህራኑ የተቀበለውንም አጣርቶና አሻሽሎ ጁዶ ብሎ ሰየመው። ይህ ሰው በአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ነበረም ልብ ይሏል። ጁዶም አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ድሉን በተቀዳጀበት በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ ጋራ ተቈጠረ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ ቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው ሥራ ፈት ስለ ሆነ አይደለም፤ መምህር ፍለጋ ነው። ለድጓ ምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ለቅኔም ዋድላን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን ይመርጣል። ቅኔ ቤት የገባው ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቈጠረውን ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ደካማ ከሆነ ይመልሰዋል። ትምህርቱን ሲፈጽም «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩን ስም መጥራት ለእርሱ የሙያው ማስረጃ ነው።

የዚህ ሐረግ ፍሬ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ይበቃናል። በአውሮፓ ዲልማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የግእዝን መዝገበ ቃላት በላቲን ፈትቶ በ1865 ሲያሳትም፣ በአማርኛ የተፈታ ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ገና አልታተመም ነበር። ይህን ጕድለት ለመሙላት የተነሡት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሊቅ በሮማ ሳሉ፣ ኢኛሲዮ ጒዲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ያሳተመውን የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የረዱት ናቸው። የግእዙን ሥራ ጀምረው ዕድሜ ስላልበቃቸው፣ በኢየሩሳሌም ላስተማሯቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዐደራ ብለው ተዉት።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ዐደራውን ተቀብለው ብዙ ዘመን ደከሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በድሬዳዋ ሲቀመጡ ደስታ ተክለ ወልድ የተባሉ ደቀ መዝሙር አገኙ። በመካከሉ የ1928 ዓ.ም. ወረራ መጣ፤ ሥራው ግን አልጠፋም። አለቃ በ1936 ዓ.ም. መጽሐፋቸው ሳይታተም ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን 900 ገጽ ያህል መጽሐፍ በአዲስ አበባ አሳተሙ። ያሳተሙትም በገዛ ስማቸው ሳይሆን በመምህራቸው ስም ነው። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለሕዝብ ያቀረቡት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ የጀመረውን ሁለተኛው አስፍቶት፣ ሦስተኛው ለፍሬ አበቃው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ቢል ኖሮ መጽሐፉ በእጃችን አይገኝም ነበር።

ይህ ነገር የሚመለከተው ደብተራንና ታጋይን ብቻ ነውን? ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ሠፈር ብዙው በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። ግንብ ይፈርሳል፤ ሠራተኛም ጡረታ ይወጣል። በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ ወደ ቢሮው የሚገሠግሠው ሠራተኛ አንድ ነገር ሊያስብ ይገባዋል። መዝገቡ የት እንዳለ፣ ያ ውል ለምን እንደ ተፈረመ፣ የባለጉዳዩ አቤቱታ ከየት እንደ ተነሣ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በልቡ ይዞት ይሄዳል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ የሚጕላላውም ባለጉዳዩ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ሠራተኛ ከመሰናበቱ አስቀድሞ አንድ ወጣት አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምር፤ ዕውቀቱን መደበቅ ወንበሩን አያጸናለትም። ወጣቱም መጠየቅን አይፈር፤ ሥራው በተመሰገነ ጊዜም ያስተማረውን ሰው ስም ይጥራ።