«ይሰማል»፦ የወንጀል ምርመራ የድምፅ ድራማ እና የአማርኛ ጆሮ

ሌሊት ነው። ውሻ ይጮኻል፤ የቆርቆሮ በር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ ከውጭ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክፈት!» ይላል። የመቀርቀሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። በማግስቱ ብቻዋን የምትኖረው የቤቱ ባለቤት ሞታ ትገኛለች። መርማሪው አምስት ክፍል ሙሉ ቁልፍና የጣት አሻራ ሲያሳድድ ይከርማል። አድማጩ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ሰምቶታል። ሴት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ደጃፍ ቆሞ «ክፈቺ» ሳይሆን «ክፈት» የሚል ማን ነው? ውስጥ ወንድ ነበረ፤ ከውጭ የቆመውም ያንን ያውቅ ነበር።

ትዕይንቱን የጻፍኩት ለዚህ መጣጥፍ ምሳሌ እንዲሆነኝ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ ቢባል በአንድ ቃል ይሞታል፤ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ወንድና ሴት አይለይምና። እኔ የምከራከረውም በዚሁ ላይ ነው። በአነስተኛ ገንዘብ፣ ያለ ጣቢያና ያለ ስፖንሰር የምርመራ ድራማ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ትልቁ ሀብቱ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ውድ ማይክሮፎን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የአማርኛ የድምፅ ድራማ ግን ይህን ሀብት እስካሁን በቅጡ አልቆፈረውም።

የዘርፉን ታሪክ መለስ ብለን ብናይ፣ ለሬዲዮ ተብሎ የተጻፈው የመጀመሪያው ተውኔት እንደሆነ የሚነገርለት የሪቻርድ ሂውዝ «ዴንጀር» በቢቢሲ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በጥር 1924 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በዌልስ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት ጨለማ ነው። ደራሲው ዐይን የሌለውን መድረክ እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ ገጸ ባሕርያቱንም አድማጩንም አብሮ አሳወራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮናልድ ኖክስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በዚያው ጣቢያ የዜና ዘገባ የሚመስል ቀልድ አቀረቡ። ለንደን ውስጥ ሥራ አጦች ዐምፀው የሰዓት ማማውን አፈረሱ፣ ሆቴል አወደሙ የሚል ነበር። ብዙ ሰው አምኖ ደነገጠ። ኦርሰን ዌልስ በማርስ ሰዎች ወረራ የሬዲዮ ድራማው አሜሪካውያንን ከማስደንገጡ 12 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

ታዲያ እኚህ ቄስ የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲም ነበሩ። በ1929 ለዘርፉ ዐሥር ሕግጋት ጻፉ። ስምንተኛው፣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢ መታየት አለበት ይላል። በጆሮ የሚያታልሉት ሰው ስለ ሐቀኝነት ሕግ ማውጣታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። እኔ ግን ሕጉን የወለደው ያ ቀልድ ይመስለኛል፤ ድምፅ ምን ያህል እንደሚታመን ያየ ሰው ነው ገደቡን የሚያውቀው። በ1930 ኖክስ፣ አጋታ ክሪስቲና ዶሮቲ ሴየርስ ከሌሎች ሦስት ደራስያን ጋር አንድ የምርመራ ታሪክ እየተቀባበሉ ጽፈው በቢቢሲ በየተራ አነበቡት። ጽሑፉ በጣቢያው መጽሔት እየታተመ አድማጮች መልሱን እንዲገምቱ ተጋበዙ። ልብ በሉ፦ አድማጩ እንዲገምት ሲፈለግ ጽሑፉም በእጁ መግባት ነበረበት። ጆሮ ገጽ ወደ ኋላ አይገልጥማ።

ችግሩ ይኸው ነው። ልብ ወለድ አንባቢ ሃያ ገጽ ተመልሶ ያጣራል። የድምፅ ድራማ አድማጭ ግን ዕቃ እያጠበ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ፣ ልጅ እያስተኛ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ፍንጩ በጆሮ ውስጥ የሚቀር መሆን አለበት፤ ግን «ፍንጭ ነኝ» ብሎ መጮህ የለበትም። ጀማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ ዋናው ፍንጭ ላይ ሙዚቃ ይጭናሉ። ከዚህ የከፋ ስሕተት አላውቅም። ሙዚቃ «እዚህ ጋ አስተውል» ብሎ ይጠቁማል፤ በዚያ ላይ ቃሉን ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ችግር ዝም ያለ ሰው ነው። በድምፅ ድራማ ያልተናገረ የለም ማለት ነው። ደራሲው በክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው አስቀምጦ ቃል ሳያስተነፍሰው ከቆየ በኋላ «እሱም እዚያው ነበር» ቢል ስርቆት ነው። ግን ሕጉን ሳይጥሱ መደበቅ ይቻላል። ሁለት ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል። ረከቦቱ ላይ ሲኒ ሲደረደር ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚናገሩት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ሲኒ ለማን ነው? የሲኒ ድምፅ የለመደ ጆሮ ቁጥሩን ሳያውቀው ይመዘግበዋል፤ በመጨረሻው ክፍል መርማሪው ሲጠይቅ «አዎ፣ ሦስት ነበር» ይላል። ይህ እስከ መጨረሻው ሐቀኛ የሆነ ማታለል ነው።

ሦስተኛው ችግር የተቀዳ ድምፅ ነው። ክሪስቲ በ1926 ባሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ውስጥ የሞተ ሰው ሕያው የመሰለው ድምፁ በመሣሪያ ስለተሰማ ነው (ያላነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከታተመ መቶ ዓመት ገደማ ነው)። መጽሐፍ ውስጥ ይህ ዘዴ ይሠራል። በድምፅ ድራማ ውስጥ ግን ሁሉም ድምፅ የተቀዳ ነው። ነጻ አዘጋጆች ዛሬ አንዱን ተዋናይ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን በየስልካቸው ቀድተው ይገጣጥማሉ። የሁለቱ ክፍል ማስተጋባት ካልተመሳሰለ አድማጩ «ይህ ሰው በስልክ ነው፤ ወይም ካሴት ነው» ብሎ ይጠረጥራል። በፍቅር ድራማ ጥቃቅን ጉድለት የሚሆነው በምርመራ ድራማ የሐሰት ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተዋናይ ከመናገሩ በፊት የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ይቅዳ። ዝምታም እንደየክፍሉ ይለያያል፤ ኋላ በኤዲቲንግ ጊዜ መደበቂያ የሚሆነው እሱ ነው።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በግዕዝ ፊደል የሚጠብቅና የሚላላ አይለይም። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ግድግዳው ስስ ነው፤ ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጠብቆ ሲነበብ «ድምፅ ያልፋልና ቀስ በሉ» ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ግን ከግድግዳው ወዲያ የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ ሦስተኛ ተባባሪ መጣ ማለት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ አንባቢው ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ ይይዛል። በድምፅ ግን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፤ ሲያነብም መምረጡ አይቀርም። ታዲያ መርማሪው ጠብቆ ቢያነበው አድማጩን አታለልነው? አላታለልነውም ባይ ነኝ፤ አንድ ነገር ከተሟላ። ወረቀቱ ሲዘረጋ መሰማት፣ መርማሪውም «እስቲ ላንብበው» ማለት አለበት። ያኔ የሰማነው ጽሑፉን ሳይሆን የአንድ ሰው ንባብ መሆኑን አውቀናል፤ ስሕተቱም የእሱ ነው። በስድስተኛው ክፍል የሟች ልጅ ያንኑ ወረቀት አላልታ ታነበዋለች። አዲስ ማስረጃ አልመጣም፤ ምርመራው ግን ይገለበጣል። ኅብረ ቃል እየፈታ ያደገ የቅኔ ተማሪ ቤት ልጅ ይህን ከእኔ በፊት ያውቀዋል።

የማዕረግ አጠራርም እንዲሁ ነው። ሟቹን «በዝና እንጂ በአካል አላውቃቸውም» የሚል ተጠርጣሪ፣ ሦስት ክፍል «እሳቸው» ሲል ቆይቶ ሲናደድ «እሱ እኮ ልማዱ ነው» ካለ አለቀለት። ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ» የወረደው በመተዋወቅ ነው። ተዋናዩ ይህን መስመር ማጉላት የለበትም፤ በቁጣው ውስጥ ብቻ ያሳልፈው። የ«ክፈት» ፍንጭም ቢሆን መከላከያ አለው። አማርኛ ተናጋሪ ሴት ልጅን በፍቅር «አንተ» ይላል፤ ወዳጇ ተይዞ ሲጠየቅ «እኔ ሁልጊዜ አንተ ነው የምላት» ቢል ሐሰት አይመስልም። ጥሩ ፍንጭ እንዲህ ሁለት አፍ ሲኖረው ነው። ደራሲው በሌላ ትዕይንት ሰውየው ሲጠራት አስቀድሞ ሊያሰማን ይገባል፤ ያኔ እውነት መናገሩንም መዋሸቱንም የምንፈርደው እኛ ነን።

በአነጋገር ዘዬ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድምፅን ከድምፅ ለመለየት የጎጃም፣ የወሎ፣ የጎንደር ወይም የሸዋ ዘዬ መጠቀም ቀላል መንገድ ነው። ወንጀለኛው ብቻ ዘዬ ካለው ግን ደራሲው ፍንጭ አልሰጠም፤ አገር ሰደበ። ዕድሜን፣ የንግግር ፍጥነትን፣ የትንፋሽን ርዝመት መለያ ማድረግ ይሻላል። በአንድ ትዕይንት ከሦስት ሰው በላይ ባይናገር ደግሞ ግማሹ ችግር በራሱ ይቃለላል።

ዘርፉ ከውጭ የመጣ ነው ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። አውጫጭኝ የሚባለው የአገር ምርመራ ሕዝቡን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም እንዳይበተን አድርጎ በቃል ብቻ የሚያወጣጣ ነበር። ክሪስቲ ለንግሥት ሜሪ 80ኛ ልደት በ1947 ለቢቢሲ የጻፈችውና ኋላ በ1952 «ዘ ማውስትራፕ» ሆኖ መድረክ ላይ የወጣው አጭር የሬዲዮ ተውኔት በበረዶ በተዘጋ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የሚፈጸመው። በረዶውና የአውጫጭኙ ትእዛዝ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ማንም አይወጣም።

እኛ ጋ የረጅም ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ልምድ አለ። «የቀን ቅኝት» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል ተላልፏል። ያ ግን ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማር የተሠራ ነው፤ ዓላማውንም በድብቅ አልያዘውም። የምርመራ ድራማ ከመልእክት ጋር አብሮ አይኖርም፤ ትምህርቱ ከታወቀ ጥፋተኛውም ታወቀ። ነጻ አዘጋጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲቢኤስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ታላላቅ ተከታታይ ድራማዎቹን እ.ኤ.አ. በመስከረም 30 ቀን 1962 በአንድ ምሽት ከዘጋ ወዲህ፣ በ2012 «ዌልካም ቱ ናይት ቬል»ን የመሰሉ ነጻ ፖድካስቶች ሲነሡ በሩን የከፈተላቸው የጣቢያ ፈቃድ ሳይሆን የማሠራጫው ርካሽነት ነበር።

ርካሽ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት የቆርቆሮ ጣራ ሥር መቅዳት አይሞከርም፤ ቢቻል ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይቀዳ። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ተከቦ፣ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ርቆ የተናገረ ሰው ስቱዲዮ የገባ ይመስላል። የጎረቤት ሙቀጫና የሠፈር ጄኔሬተር ከሌሉ ማለቴ ነው። ቦታ ለማሳየት ድምፅ ማብዛትም አያስፈልግም፤ «ወራጅ አለ!» የሚል አንድ ድምፅ ሙሉ ሚኒባስ ይዞ ይመጣል። ሲያልቅ የድምፁ መጠን ለስልክ ይስተካከል፦ አፕል ለፖድካስት የሚመክረው −16 ሉፍስ (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ በአውሮፓ የስርጭት መለኪያ −23 ላይ የተሠራ ድራማ በጆሮ ማዳመጫ እንደ ሹክሹክታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ሥራ ግን አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ተከታይ ብዙም አላገኙም። ያንን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር በጆሮው ሰማው። የምርመራ ድራማ የምትጽፉ ሆይ፦ ጽሑፋችሁን ለተዋናይ ከመስጠታችሁ በፊት የሐዲስን ነጥብ መልሱ። አለዚያ ተዋናያችሁ ገና በመጀመሪያው ንባብ ላይ «ይሰማል»ን አላልቶ ገዳዩን ያወጣባችኋል።