የፍሬን ፓድ ማለቁን በምን እናውቃለን?

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ዋሻውን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ከፍታው ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከመንዝና ከግሼ መጥቶ ወደ ቆላው የሚወርድ መኪናም ይሄንኑ ቁልቁለት ያገኘዋል። መርሐቤቴ የሚሄድ ደግሞ ከለሚ ጀማ ወንዝ ድረስ ወርዶ ነው ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው።

እዚህ መንገድ ላይ "ፍሬን በጠሰ" ሲባል ድንገት የመጣ ነገር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ ቀድሞ ተናግሯል፣ ሰሚ ነው ያጣው።

ፓድ ምንድን ነው?

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፓዶቹን ገፍቶ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት በኩል ያስይዛቸዋል። ፍትጊያው መኪናውን ያቆማል፣ ፓዱን ግን በየቀኑ ይበላዋል። ባጃጅ፣ ብዙ የጭነት መኪና እና የአንዳንድ መኪኖች የኋላ ጎማ በዲስክ ፈንታ ታምቡር አላቸው። እዚያ የሚያልቀው ሸራው ነው።

ምልክቶቹ

1. ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ። ብዙ ፓዶች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ፓዱ ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። ጠዋት ውርጭ ወይም ጤዛ ላይ ያደረ መኪና አንድ ሁለቴ ጮኾ ዝም ካለ አያሳስብም። በረገጣችሁ ቁጥር ከጮኸ ግን ጋራዥ ውሰዱት።

2. ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ። ፓዱ አልቋል ማለት ነው። አሁን እየተበላ ያለው ዲስኩ ነው። ቁልቁለት እንዳትሞክሩ።

3. ውፍረቱ። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በቸርኬው ክፍተት ወደ ውስጥ እዩ። አዲስ ፓድ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። 3 ሚሊ ሜትር ማለት 4 የኤቲኤም ካርድ ተደራርቦ ነው። ከብረቱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ለኩ፣ ብረቱን አትቁጠሩ። የውስጠኛው ፓድ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል መካኒክም ይየው።

4. ዳሽቦርድ ላይ ቀይ የፍሬን መብራት። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን አረጋግጡ። ከዚያም ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ፓድ ሲሳሳ ዘይቱ ዝቅ ይላል፣ የሚያፈስም ሊኖር ይችላል። ዘይት ጨምሮ ዝም ማለት ችግሩን መደበቅ ነው።

5. ፔዳሉ ከገባ በኋላ ከወትሮው ጠልቆ መሄድ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ መሪው መንቀጥቀጥ። የፓድ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ግን ሳይታይ ጉዞ የለም።

በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። ሜዳ ላይ የሚነዳና ጀማን የሚመላለስ አንድ ዓይነት ፓድ ቢገዙም እኩል አይጨርሱም። የሞተር ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፓዱም ይታይ። ሲቀየር የቀኝና የግራው አብሮ ይቀየር።

አዲስ ፓድም ያታልላል

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፓዱን ያግለዋል፣ የጋለ ፓድ ደግሞ ይንሸራተታል። የፍሬን ዘይትም በጊዜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሲግል ይፈላና አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ባዶውን ይወርዳል። "በጠሰ" ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን በየ2 ዓመቱ አስቀይሩ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ አትውረዱ። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። ዲስኩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ውኃ አታፍሱበት።

መኪና ባይኖራችሁም ይመለከታችኋል። ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ ያ ድምፅ ወይም ያ ሽታ ከመጣ "ሹፌር፣ ፍሬኑ እየሸተተ ነው፣ ትንሽ እንቁም" በሉ። 20 ደቂቃ ብንዘገይ ምንም አይደል፣ ዋናው በሰላም መግባት ነው።

ለሚያሽከረክር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።