ጽድ፣ ዝግባና ፓቱላ፦ የትኛው ዛፍ ለየትኛው አየር ንብረት?

ክረምት ሲገባ ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ደረስጌ ባሉ አካባቢዎች የችግኝ ተከላ ይጀመራል። ይሁን እንጂ በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ለመጪው ክረምት አይደርስም። ከምክንያቶቹ አንዱ የዛፉ ዝርያና የቦታው አየር ንብረት አለመጣጣማቸው ነው። ይህም ቅጠላቸው እንደ መርፌ በሾለ ወይም እንደ ቅርፊት በተደራረበ፣ ኮኒፈር በሚባሉ ዛፎች ላይ በግልጽ ይታያል።

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0 ነጥብ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ሲወጣ ተስማሚው ዛፍ የሚለወጠውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት የኮኒፈር ዛፎች የሐበሻ ጽድና ዝግባ ናቸው።

የሐበሻ ጽድ ብርድንና የዝናብ እጥረትን ይቋቋማል፤ ድንጋያማ መሬት ላይም ይበቅላል። ዕድገቱ ግን አዝጋሚ ነው። በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የሚታዩት ጽዶች የብዙ ትውልድ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ዝናብ በዓመት አንድ ጊዜ በሚጥልበት የሰሜኑ ክፍል ዛፉ በአብዛኛው በየዓመቱ አንድ የዕድገት ቀለበት በግንዱ ውስጥ ይሠራል። ዝናቡ ጥሩ የነበረበት ዓመት ቀለበት ሰፊ፣ የድርቁ ዓመት ደግሞ ጠባብ ይሆናል።

ዝግባ የተሻለ እርጥበትና ጥልቅ አፈር ይፈልጋል። ችግኙ ውርጭ ስለሚጎዳው ከደባርቅ ከፍታ ይልቅ ዝቅ ያሉና ከነፋስ የተጠለሉ ቦታዎች ይስማሙታል።

የፈረንጅ ጽድና ፓቱላ ከሜክሲኮና ከአካባቢው ተራሮች የመጡ ናቸው። ሁለቱም ከሐበሻ ጽድ ፈጥነው ያድጋሉ፤ ፓቱላ በተለይ ቀዝቃዛና እርጥብ ተራራ ይወዳል። ረጅሙ በጋ ግን ይፈትናቸዋል። በውኃ ጥም የተዳከመ የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ለክሽክሽ ተባይ ይጋለጣል። ይህ ተባይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከማላዊ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቷል።

ፈጥኖ ማደግ ብቻውን መመዘኛ እንደማይሆን ኬንያ ታይቷል። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ የመጣው ራዲያታ የተባለ ዛፍ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እርጥበት በሚያስፋፋው የፈንገስ በሽታ ቅጠሉ ስለረገፈ ተከላው እንዲቆም ተደርጓል።

ስለዚህ አርሶ አደሩም ሆነ የከተማ ነዋሪው ችግኝ ከመውሰዱ በፊት የቦታውን ከፍታ፣ የአፈሩን ጥልቀትና ውርጭ የሚያርፍበት መሆን አለመሆኑን ማየት ይኖርበታል። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚበረታው በረባዳ መሬት ነው። ለደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት የሐበሻ ጽድ፣ ጥልቅና እርጥብ አፈር ላላቸው ቦታዎች ደግሞ የፈረንጅ ጽድ ወይም ፓቱላ ይመረጣል። ተከላው ዝናቡ እንደተረጋጋ ቢፈጸም ሥሩ በጋው ሳይገባ አፈሩን ይይዛል።