ሻፍል፦ መሀል ዘለል ምት

ሻፍል በጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ ውስጥ ሥር የሰደደ የምት ዓይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቆጠራ በሦስት እኩል ክፍሎች ተከፍሎ መካከለኛው ሳይመታ ስለሚታለፍ የመጀመሪያው ድምፅ ረዝሞ፣ የመጨረሻው አጥሮ ይሰማል። «ድንበር ዘለል» በሚለው አነጋገር አምሳያ «መሀል ዘለል ምት» ቢባል አሠራሩን በሚገባ ይገልጻል። ሦስትዮሽ አከፋፈል ቺክቺካን ለለመደ ጆሮ እንግዳ ባይሆንም፣ በተለመደው ሻፍል ስኔር ድራሙ በአራት ቆጠራ ውስጥ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ስለሚጎላ አጽንዖቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያል።

በወረቀት ላይ የረጅሙና የአጭሩ ድምፅ ልክ 2 ለ 1 ነው ይባላል፤ በጨዋታ ግን ይህ ልክ እምብዛም አይጸናም፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱ ድምፆች ወደ እኩልነት ይቀራረባሉ፣ በዘገምተኛ ዜማም አጭሩ ድምፅ ይበልጥ ዘግይቶ በሚቀጥለው ቆጠራ ላይ ሊደረብ ይቃረባል። ሜትሮኖም አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራውን እንጂ የአጭሩን ድምፅ ማረፊያ ስለማይነግር፣ ተማሪው ከተቀረጸ ሙዚቃ ጋር አብሮ መጫወት ግድ ይሆንበታል።

ለጀማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የስቲቪ ሬይ ቮን «ፕራይድ ኤንድ ጆይ» ተስማሚ ነው፤ ድራመሩ ክሪስ ሌይተን ምቱን ሳያወሳስብ ስለሚይዘው ተማሪው ዱላ ከማንሣቱ በፊት ረጅምና አጭሩን በአፉ እያለ ሊከተለው፣ ከዚያም በሲምባል ብቻ፣ በኋላም በሙሉ ድራም ሊጫወተው ይችላል። አንድን ቀረጻ ደጋግሞ መያዝ ብዙ ዘፈን ከማዳረስ ይልቃል፤ የአጭሩ ድምፅ ቦታ ከድራመር ድራመር ስለሚለያይ፣ የአንዱ አያያዝ ከእጅ ጋር ሳይዋሐድ ወደ ሌላው መሄድ ጆሮን ያደናግራል።

በርናርድ ፐርዲ በስቲሊ ዳን የ1977 «ሆም አት ላስት» ላይ የተጫወተው ግን ለጀማሪ አይደለም። በዚህ ድንቅ አጨዋወት ስኔሩ በሦስተኛው ቆጠራ ላይ ብቻ ይጎላል፤ የተዘለለውም መሀል ጎስት ኖት በሚባሉ፣ ከመሰማት ይልቅ የሚዳሰሱ በሚመስሉ እጅግ ለስላሳ የስኔር ምቶች ይሞላል። ጄፍ ፖርካሮም በቶቶ የ1982 «ሮዛና» ላይ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ቀረጻ የተማሪውን ጉድለት የሚሸፍንበት ጊዜ ስላለ፣ ድምፁን ለጥቂት ቆጠራዎች ዝም አሰኝቶ እየተጫወቱ መልሶ መክፈት ያስፈልጋል፤ ሙዚቃው ሲመለስ ተማሪው ቀድሞ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ረጅሙን ድምፅ ሳይጨርስ ወደ አጭሩ መቸኮሉ ነው።