ለስንዴ ድምፅ ያሰሙ ሰዎች

በግብርና ኮሌጅ ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀር ጥያቄ ነበር፤ «መምህር፣ ሙዚቃ ብንከፍትለት ጤፍ ቶሎ ያድጋል?» ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እኔ ግን ጥያቄውን እወደው ነበር፤ ታላላቅ ሰዎች የደከሙበት ነውና።

ቻርለስ ዳርዊን ልጁን ፍራንሲስን ተክል አጠገብ አቁሞ ባሱን የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ አስነፍቶታል። ከተክሉ ምንም አልተገኘም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ነው። ትሎቹ ለባሱኑም ለፒያኖውም ደንታ አልሰጡም። የሚኖሩባቸው ማሰሮዎች ፒያኖው ላይ ተቀምጠው አንድ ወፍራም ድምፅ ሲመታ ግን ወዲያው ጉድጓዳቸው ገቡ። በአየር ሲመጣ ያልነካቸው ድምፅ በአፈር በኩል ንዝረት ሆኖ ደረሳቸው። ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው ይህን እንዲይዙልኝ እፈልግ ነበር፤ ጆሮ የሌለው ፍጡርም ንዝረት ይሰማዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ያተኮሩት ሙዚቃው ላይ ነው። በ1950ዎቹ በህንድ የአናማላይ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቅ ቲ. ሲ. ሲንግ የአገራቸውን ዜማ ለዕፅዋት አሰምተው እድገት ጨመረ አሉ። በ1968 በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፐርል ዋይንበርገርና ሜሪ ሜዠርስ ዜማውን ትተው ለስንዴ ነጠላ ድምፅ አሰሙ፤ በ5 ኪሎኸርዝ ላይ እድገቱ መፋጠኑንም ጻፉ። በ1973 «የዕፅዋት ምሥጢራዊ ሕይወት» የተሰኘው መጽሐፍ ሲወጣ ደግሞ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ጥናቱን የጎዳው ይኸው ይመስለኛል። ዕፅዋት የትኛውን ዘፋኝ ይወዳሉ የሚለው ክርክር ሲደራ፣ ድምፅ ማጉያው ራሱ እንደሚሞቅ፣ ሙዚቃ የተከፈተለት ተክል ከሌላው የተሻለ እንክብካቤ ሊያገኝ እንደሚችል የሚያጣራ ጠፋ።

ነገሩን ወደ ቦታው የመለሱት በ2014 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሃይዲ አፐልና ሬክስ ኮክሮፍት ናቸው። አባጨጓሬ ቅጠል ሲያኝክ ቅጠሉ በዓይን የማይታይ መንቀጥቀጥ ይንቀጠቀጣል። ያንን በሌዘር ቀድተው፣ አባጨጓሬ ባልነካው የአራቢዶፕሲስ ቅጠል ላይ አጫወቱት። ይህች ተክል የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ናት። በኋላ እውነተኛ አባጨጓሬ ሲለቀቅባት ሰናፍጭን የሚያቃጥለውን ዓይነት መከላከያ ንዝረቱ ካልተጫወተላቸው ተክሎች አብልጣ አመነጨች። የነፋስ ንዝረት ሲያሰሟት ግን እንዲህ አላደረገችም። እኔ በበኩሌ ከዘፈኑ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ተክሏ አብራው የኖረችውን ጠላት ድምፅ ነው የለየችው።

ከዚህ እስከ ኩንታል ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ መከላከያ መጨመር ምርት መጨመር አይደለም። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ማሳችሁ ላይ ልትከል የሚል ነጋዴ ቢመጣ፣ ድምፅ በማይሻገር ርቀት ሁለት ማሳ ይዘጋጅ፤ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ ውኃው አንድ ዓይነት ይሁን። ማጉያው በሁለቱም ይተከል፤ በአንዱ ግን ድምፁ ይዘጋ። ተወቅቶ ሲመዘንም የትኛው የየትኛው ማሳ ምርት እንደሆነ ለመዛኙ አይነገረው።